በሁዳዴ ጠዋት የተበላ ቁርስ

አምቦ ውስጥ ደም የነካውን አንሶላ ነጭ አድርጎ የሚመልስ ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ጥሩነሽ ገብረአማኑኤል መልሱን ለሌላ ሰው አትተውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራችው በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው፤ ማሽን ከመምጣቱ በፊት በእጇ፣ ማሽን ከመጣ በኋላ ደግሞ ማሽኑን እየተቆጣች። «ደም ሙቅ ውሃ አይወድም፤ የሚለቀው በቀዝቃዛ ነው። ሙቅ አስነክተሽው እንደሆነ እዚያው ይበስልና ዕድሜ ልክሽን ያፈጥብሻል» ትላለች ለአዲስ ተቀጣሪ ሁሉ። ከኦፕራሲዮን ክፍል የወጣ ጨርቅ ለማንም አታስነካም። አጥባ ስታሰጣውም ጠርዙን ከጠርዙ ገጥማ ነው። ገመድ ላይ የተሰለፈውን አንሶላ አይቶ «ዛሬ ተረኛዋ ጥሩነሽ ናት» ለማለት የበር ጥበቃው እንኳ አይቸገርም።

ሌላው መመኪያዋ ጾሟ ነው። አያቶቿ ከመንዝ መጥተው አምቦ ከሰፈሩ ጀምሮ ቤታቸው በጾም የሚታማ ቤት አልነበረም። ረቡዕና ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ ሁዳዴንማ ውሃ እንኳ በአፏ ሳይዞር እስከ አሥር ትቆያለች። ይህን ሁሉ በልቧ ይዛ ብትኖር ደግ ነበር። ችግሩ ጥሩነሽ የራሷን ጾም ጾማ ስትጨርስ የሰውንም መቆጣጠር መውደዷ ነበር።

አንድ የሁዳዴ ጠዋት የሥራ ባልደረባዋ ሃዋኒ ከማሽኑ ጀርባ ተጠግታ ዳቦ በሻይ ስትበላ አገኘቻት። ሃዋኒም እንደሷው ኦርቶዶክስ ናት። «አይ ሃዋኒ! ሆድሽን ጌታ አደረግሽው?» አለቻት፣ ያውም ሰው እየሰማ። ሃዋኒ ለካ የጨጓራ መድኃኒት ልትውጥ ኖሯል የምትበላው። የተረፈ ዳቦዋን በፌስታል ጠቅልላ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ በሁለቱ መካከል ከ«እንደምን አደርሽ» ያለፈ ወሬ አልነበረም፤ ስለ መድኃኒቱ ጥሩነሽ ቆይታ ከሌላ ሰው ብትሰማም ይቅርታ አልጠየቀችም።

ደም ስለሚለግሱ ሰዎችም ጥሩነሽ የራሷ አስተያየት ነበራት። የደም ባንክ ሠራተኞች ግቢው ውስጥ ድንኳን ሲተክሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተሰልፈው ሲገቡና ብስኩትና ጁስ ይዘው ሲወጡ ከማጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ቆማ ታያቸዋለች። «ለብስኩት ብለው ደማቸውን ያፈሳሉ! እስቲ ደም ሰጥቶ ያማረበት ሰው አሳዩኝ» ትላለች። የደም ባንኳ ነርስ ለንሳ ይህን ስትሰማ ትስቃለች እንጂ አትቆጣም። «አዴ ጥሩነሽ፣ አንቺ አንድ ቀን ብቻ ነይልኝ፤ ያማረበትን አሳይሻለሁ» ትላታለች፤ አዴ ስትል በኦሮምኛ እትዬ ማለቷ ነው። ጥሩነሽም «አንቺ ልጅ፣ እኔ የማጥበው አንሶኝ ነው ደግሞ የማፈሰው?» ብላ ትመልሳለች።

እንግዲህ ይህች ሴት ናት በ2015 ዓ.ም. ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ከአንሶላ ማስጫው ገመድ ሥር ወድቃ የተገኘችው።

ሁለት ዓመት ሙሉ ደም ሲፈሳት ኖሯል። የሰውን ደም በአደባባይ ስታጥብ የኖረች ሴት የራሷን ደብቃ ታጥብ ነበር፤ አብራት ለምትኖረው ልጇ ለአርሴማ እንኳ አልተነፈሰችም። «የዕድሜ ነው፤ ይተወኛል» እያለች ራሷን ስታታልል ከረመች። ሐኪሙ ሲመረምራት ማህፀኗ ውስጥ ያደገው እጢ የሕፃን ጭንቅላት አክሏል፤ የደሟም መጠን ከግማሽ በታች ወርዷል። ኦፕራሲዮን የግድ ሆነ። ለኦፕራሲዮኑ ደም ያስፈልጋል፤ የጥሩነሽ የደም ዓይነት ደግሞ ኦ ኔጌቲቭ ሆኖ ቁጭ አለ።

ነገሩን ያስረዳቻት ለንሳ ናት። «አዴ ጥሩነሽ፣ ያንቺ ደም ሲቸግር ለማንም ይሰጣል። ላንቺ ግን ከራስሽ ዓይነት በቀር አይሆንም» አለቻት። ጥሩነሽ በዚያ ሁሉ ድካሟ ውስጥ ይህን ስትሰማ ኮራ ማለቷ አልቀረም። ኩራቱ ግን ደም አላመጣላትም። አርሴማ እጇን ዘርግታ ሄዳ ነበር፤ ዓይነቱ አልገጠመም። ቀጠሮው አንዴ ተላለፈ፤ ደግሞ ተላለፈ። አልጋዋ ላይ ተጋድማ ጣሪያ ጣሪያውን እያየች፣ እነዚያ ብስኩት ይዘው የሚወጡ ልጆች አንድ በአንድ ትዝ ይሏት ጀመር። ከነሱ አንዱ እንኳ የኔ ዓይነት ደም ኖሮት በነበረ እያለች ተመኘች። አፈረችም።

ለንሳ እንዲህ ያለ በቀላሉ የማይገኝ ደም ያላቸውን ሰዎች ስልክ የምትጽፍበት ደብተር ነበራት። በዚያን ሰሞን የኦ ኔጌቲቩ ገጽ ላይ የነበሩት ሦስት ስሞች ናቸው። አንዱ ስልኩን ቀይሯል። አንዷ ነፍሰ ጡር ናት። ሦስተኛው የጭልሞ ጫካ ጠባቂው ኦቦ ነገራ ናቸው፤ እሳቸው በሚውሉበት ደግሞ ኔትወርክ አይደርስም። ለንሳ መናኸሪያ ወርዳ ለጊንጪ ሚኒባስ ረዳት መልእክት ሰጠችው፤ ረዳቱ ጊንጪ ሲደርስ ለአንድ ባለ ባጃጅ ነገረው፤ ባለ ባጃጁ ከገበያ ወደ ጫካው ሥር ለሚመለሱ ገበሬዎች ነገረ። በማግስቱ ጠዋት ኦቦ ነገራ ጭቃ የለበሰ ቦቲያቸውን እንዳደረጉ ደም ባንኩ በር ላይ ቆመው ተገኙ። አንዱን ከረጢት ደም እሳቸው ሰጡ፤ ሁለተኛው ከአዲስ አበባ መጣ። ጥሩነሽ ኦፕራሲዮን ሆነች፤ ዳነችም።

«የማን ደም ነው የገባልኝ?» ብላ ጠየቀች ገና ከሰመመኑ ነቅታ አፏ ሲፈታ።

«እሱ አይነገርም» አለች ለንሳ።

አምቦ ላይ የማይነገር ነገር ሁለት ሳምንት ከቆየ ብዙ ነው። ረዳቱ ለሾፌሩ፣ ሾፌሩ ለበር ጥበቃው ሲነግር ስሙ ጥሩነሽ ጆሮ ደረሰ። እግሯ እንደጠና ገበያ ወጥታ ደህና ጋቢ ገዛች። በገዛ እጇ ካላጠበችው አላመነችውም፤ አጠበችው፣ አጠፈችው፣ አርሴማን አስከትላ ጊንጪ ወረደች። ኦቦ ነገራን ያገኘቻቸው በገበያ ቀን ከእህል ተራው ጫፍ ቆመው ነው። ጠየም ያሉ፣ ጢማቸው ሸበት ማለት የጀመረ ዝምተኛ ሰው ናቸው።

ጋቢውን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ኦቦሌቲ ኮ፣ ይኼ ለምንድን ነው?» አሏት። እህቴ ማለታቸው ነው።

«ነፍሴን ስላተረፉልኝ ነዋ!»

«እኔኮ ላንቺ አልሰጠሁም» አሉ ኦቦ ነገራ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብለው። «ሰው ተቸግሯል ተባልኩ፤ መጣሁ። ስምሽንም አልነገሩኝ፣ አልጠየቅኩም። እስካሁን አሥራ አንድ ጊዜ ሰጥቻለሁ፤ ያየሁት ሰው አንቺን ብቻ ነው።» ከዚያም «ጋቢውን ግን አልመልስልሽም። ጭልሞ ብርዱ አይጣል ነው» ብለው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት።

በመልስ ጉዞ ጥሩነሽ ሚኒባሱ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አርሴማ አሟት መስሏት ውሃ ልግዛልሽ አለቻት። አላመማትም። ጥሩነሽ ቀንታ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ! ያውም ሰውየው ለሚስታቸው እንኳ የነገሩ አይመስሉም። እሷ አንድ አንሶላ ባነጣች ቁጥር ግቢውን ሙሉ ታሰማለች፤ እሳቸው ሰው አድነው ወደ ዛፎቻቸው ይመለሳሉ። ከሰው በልጬ ኖሬያለሁ ብላ የተቀመጠች ሴት ድንገት ከሁሉ በታች የሆነች መሰላት። አምቦ ስትወርድ ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ በቀጥታ ለንሳ ዘንድ ገባችና እጅጌዋን ሰብስባ ተቀመጠች።

«በይ ውሰጂ» አለቻት።

ለንሳ ሳቋ አመለጣት። «አዴ ጥሩነሽ፣ ገና አራት ወርሽ እኮ ነው! ትልቅ ኦፕራሲዮን የተደረገ፣ ደም የወሰደ ሰው ዓመት ሳይሞላው አይሰጥም። ለራስሽም መች ተረፈሽ?»

ጥሩነሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓመቱን ትጠብቅ ገባች። ቀኑ እንዳይዛነፍባት የማጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው ካላንደር ላይ ከበበችው። ሰው «ምንድን ነው?» ሲላት «ስለቴ ነው» ትላለች። ስለት ስትል ደግሞ ከልቧ ነው። ይህን ነገር ለእግዚአብሔር ከሚገባ ስለት ለይታ አላየችውም። ስህተቱም የመጣው ከዚሁ ነው።

ጥር 2016 አልቆ የከበበችው ቀን ደረሰ። የጥሩነሽ ቤት ሰው ስለት ሲያገባ በቆሸሸ ሰውነት፣ በጠገበ ሆድ አያገባም። ስለዚህ ሰባት ቀን ሱባኤ ያዘች። የመጨረሻውን ቀንማ ቅዱስ ቁርባን እንደሚቀበል ሰው ከዋዜማው ከሰዓት ጀምራ እህል ውሃ አልቀመሰችም። ጠዋት ተነሥታ ገላዋን ታጠበች፣ ነጭ ቀሚሷን ለበሰች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ሄደች። ደም ባንኩ በር ላይ ጫማዋን ልታወልቅ ስትል ለንሳ ናት የያዘቻት።

ለንሳ መጀመሪያ ጣቷን ወጋ አድርጋ አንዲት ጠብታ ደም ሰማያዊ ፈሳሽ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ጣለች። ጠብታዋ ከሰጠመች ደሙ በቂ ነው፤ ከተንሳፈፈች አይበቃም ማለት ነው። የጥሩነሽ ጠብታ ላይ ላዩን ተንሳፈፈች። የደም ግፊቷም ወርዷል።

«ምን በልተሽ ነው የመጣሽ?» አለች ለንሳ ጠርጥራ።

«ምን እበላለሁ? ከትናንት ጀምሬ ጾሜ ነዋ» አለች ጥሩነሽ፣ በኩራት።

«ረቢ ኮ!» ለንሳ አምላኬ ብላ ጮኸችና ራሷን ያዘች። «አዴ ጥሩነሽ፣ ሳይበላ የመጣ ሰውማ እዚሁ ወድቆ ነው የሚቀረው! በልተሽ፣ ጠጥተሽ፣ ጠግበሽ ነው የሚመጣው። ማን ነው ጹሚ ያለሽ?»

«ጠግቦ ስለት? የት አገር አየሽ?»

«ይኼኛው አገር» አለች ለንሳ፣ ወለሉን በጣቷ እያሳየች።

ሰማይ ተደፋባት። ዓመት የጠበቀችው ነገር በሩብ ሰዓት አለቀ። ለንሳ ሳትቆጣ አስረዳቻት፤ የብረት እንክብል ሰጥታት፣ ጉበትና ጎመን፣ ምስርና የጤፍ ገንፎ እንድትበላ፣ ሻይም ከምግብ ላይ እንዳትጠጣ መክራ ሰደደቻት። ጥሩነሽ ያን ቀን ነጭ ቀሚሷን እንደለበሰች ሥራ ገባች፤ አንሶላ እያሰጣች አለቀሰችም። ሃዋኒ ከወዲያ በኩል አየቻት፤ ግን ቅርጫቷን አንሥታ ወደ ማሽኑ ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ የጥሩነሽ ቤት የጉበት ቤት ሆነ። አርሴማ «እማዬ፣ ሥጋ ቤቱ ሊድረኝ ነው፤ በየቀኑ ነው የሚያየኝ» እያለች ትስቃለች። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋው ቀረ፤ ጎመኑና ምስሩ፣ እንክብሉም ቀጠለ፤ የሚበላው ግን እንደ ልማዷ ከአሥር ሰዓት በኋላ ነበር። ጾሙንማ አትነካውም። ስለቱ ከፋሲካ በኋላ ይደርሳል ብላ ልቧን አሳርፋለች።

መጋቢት ሊያልቅ ሲል፣ ሐሙስ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት፣ ለንሳ ራሷ ማጠቢያ ቤት ድረስ መጣች። ሮጣ ነበር። ከካቺሲ የመጣች ነፍሰ ጡር ሴት ዎርድ ውስጥ ተኝታለች፤ እንግዴ ልጁ ከፅንሱ ቀድሞ መውጫውን ዘግቷል፤ በማግስቱ በኦፕራሲዮን ካልወለደች ለሁለቱም ያሰጋል። ደሟ ኦ ኔጌቲቭ ነው። ባንኩ ውስጥ ያለው አንድ ከረጢት ብቻ ነው፤ ሐኪሞቹ ሁለት ሳይያዝ አንጀምርም ብለዋል። ኦቦ ነገራ ገና ከሰጡ ወር አልሞላቸውም። ከአዲስ አበባም ዛሬ የለም ተብሏል።

«ዓመትሽ አልፏል» አለች ለንሳ፣ እስትንፋሷን እየሰበሰበች። «ማሎ፣ እባክሽ፣ እንሞክር።»

ጥሩነሽ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተከተለቻት። ጠብታዋ ሰማያዊው ፈሳሽ ላይ ስታርፍ ሁለቱም አቀረቀሩ። ጠብታዋ አልዘገየችም፤ እንደ ጠጠር ቁልቁል ወርዳ ብርጭቆው ሥር አረፈች። ጥሩነሽ «እሰይ!» ብላ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ለንሳ እጇን አፏ ላይ ጫነችባት፤ በሽተኞች አሉ። ግፊቷም ደህና ነበር፤ ክብደቷም ሞላ።

«አሁን በልተሻል?» አለች ለንሳ።

ጥሩነሽ የሰበሰበችውን እጅጌ ወደ ታች ሳበች።

«አዴ ጥሩነሽ?»

«ሁዳዴ እኮ ነው።»

«እንግዲያው አልወስድም። ባለፈው ምን እንደሆንሽ አይቻለሁ። ደሙን ደግሞ ለመመርመር ሰዓታት ይፈጃል፤ እስከ አሥር ሰዓት እንጠብቅ ብልሽ አይደርስም። ወይ አሁን ትበያለሽ፤ ወይ ይቀራል።» ለንሳ የፊቷን መለወጥ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከፈለግሽ እዚሁ በሩን ልዝጋልሽ። ዳቦ አመጣልሻለሁ፤ ማንም አያይሽም።»

ጥሩነሽ ስልኳን አውጥታ የንስሐ አባቷ ቄስ ሚልኪያስ ዘንድ ደወለች። ዝግ ነው። ደግማ ደወለች። ዝግ ነው። እሳቸው ይህን ጊዜ ቤተ መቅደስ ውስጥ ናቸው፤ ብታገኛቸውም ምን እንደሚሉ አታውቅም። በልጅነቷ ጾም ከጀመረች ወዲህ አንድም ቀን አጉድላ አታውቅም። ታማ አልጋ ላይ ሳለች እንኳ ሐኪሞቹን ተጣልታ ጾማለች። ይህ ስሟ ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ «እንደ ጥሩነሽ ጹሙ» ተብሎ ለልጆች የሚነገርበት ስም ነው። ከገመዱ አንሶላ በላይ የምትሳሳለት ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

በተዘጋ በር ውስጥ ቢበላ ስሙ ይተርፍ ነበር። ሐሳቡ መጥቶባት ነበር፤ አልዋሽም። ግን ወዲያው ከማሽን ጀርባ ተጠግታ ዳቦ ስትበላ የነበረችው ሃዋኒ ትዝ አለቻት፤ ፌስታሉን ጠቅልላ ስትወጣ ማንንም ቀና ብላ እንዳላየች ትዝ አላት። ያኔ ያየችውን ነገር አሁን ገና ገባት።

«በር አትዝጊ» አለች። «ተደብቄ አልበላም።»

የሆስፒታሉ ካፌ በዚያ ሰዓት ጢም ብሎ ነበር። ጥሩነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ገባችና መካከለኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። «የጾም ፉል፣ ሁለት ዳቦ፣ ውሃ» አለች።

አስተናጋጁ ያውቃታል። «የሚጠቀለል ነው እትዬ? ለማን ነው?»

«ለእኔ ነው። እዚሁ ነው የምበላው።»

መዝገብ ቤት የሚሠሩት ሁለቱ ሴቶች ተያዩ፤ አንደኛዋ የጥሩነሽ ሰፈር ሰው ናት፤ ከንፈሯን ነከስ አደረገች። ፉሉ መጣ። ጥሩነሽ አማተበች። የመጀመሪያውን ጉርሻ አፏ ውስጥ ያዘችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ዳሩ ግን አንዲት የካቺሲ ሴት አልጋ ላይ ተጋድማ ጣሪያ እያየች ነው፤ ያ ጣሪያ ምን እንደሚመስል ጥሩነሽ ታውቀዋለች። ዋጠችው።

ሃዋኒ ከውጭ ስትገባ ያየችው ይህን ነው። በሩ ላይ ቆመች። አሁን ለሷ ቀኗ ነበር፤ አንድ ቃል ብትወረውር ማንም አይፈርድባትም። ሃዋኒ ግን ወንበር ስባ ከጥሩነሽ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«አሞሻል እንዴ?»

«አላመመኝም። ደም ልሰጥ ነው፤ ካልበላሽ አይሆንም አሉኝ።» ጥሩነሽ ዳቦውን አስቀመጠች። «ሃዋኒ፣ የዚያን ዕለት በሰው ፊት አሳፍሬሻለሁ። ይቅር በዪኝ። ይኼን ለማለት ራሴ እዚህ ቁጭ ማለት ነበረብኝ።»

ሃዋኒ ዳቦውን አነሣችና ቆርሳ ፉሉን አጥቅሳ ራሷ አጎረሰቻት። «ብዪ፤ ይቀዘቅዛል» አለች። ብርጭቆውንም ሞላችላት። መዝገብ ቤት የሚሠሩት ሴቶች ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ጥሩነሽ አልጋው ላይ ተጋድማ ነበር። ሃዋኒ ከጎኗ ቆማ ነጠላዋን ይዛላታለች። ጥሩነሽ ከክንዷ የወጣው ደም በቱቦው ወርዶ ከረጢቱን ሲሞላ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችው። ሃያ ሁለት ዓመት ስታጥበው የኖረችው ነገር ነው፤ ባክኖ ያልፈሰሰ፣ ማንም ማጽዳት የማያስፈልገው ደም ግን ገና ዛሬ ማየቷ ነው። «ያምራል አይደል?» አለቻት ለንሳን። ለንሳም «ገለቶሚ፣ ሃዳ ኮ» አለቻት። አመሰግናለሁ፣ እናቴ። ጥሩነሽ ብስኩቱንና ጁሱን ሲሰጧት እምቢ አላለችም፤ ብስኩቱን ለሃዋኒ አካፈለቻት።

በማግስቱ የካቺሲዋ ሴት ወለደች። ሴት ልጅ ናት፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው። ሁለቱም ከረጢት ደም አስፈልጎ ነበር። ወሬውን ለንሳ ማጠቢያ ቤት በር ላይ ቆማ በጆሮዋ ስትነግራት ጥሩነሽ የልብስ ቅርጫቱ ላይ ተቀመጠች። ደም መስጠቷን ለበር ጥበቃው፣ ለባለ ባጃጁ፣ ለአትክልት ሻጯ ሁሉ ነግራለች፤ ዝም ብሎ መኖር የኦቦ ነገራ ተሰጥኦ እንጂ የሷ አይደለም። ለማን እንደሰጠች ግን ለአርሴማም አልተናገረችም። ያቺ ሴት ስድስት ቀን ዎርድ ውስጥ ስትተኛ ጥሩነሽ አንድም ቀን በዚያ በኩል ብቅ አላለችም።

ሌላው ወሬ ግን ቀድሟት ደብሩ ደርሶ ነበር። «ጥሩነሽ በሁዳዴ፣ በጠዋት፣ ካፌ ቁጭ ብላ!» እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሴቶቹ ከዛፉ ሥር ቆመው ሲንሾካሾኩ ሰማቻቸው። ደም ልትሰጥ እንደሆነ የሚያውቁም የማያውቁም ነበሩ። ልቧ ደነገጠ፤ እውነቱን ለመናገር አመማትም። ግን ነጠላዋን አልተከናነበችም፤ በመካከላቸው አልፋ ቄስ ሚልኪያስ ወደተቀመጡበት ድንጋይ ሄዳ ተንበረከከች።

«አባ፣ በሁዳዴ ጠዋት በሦስት ሰዓት ሰው እያየኝ በላሁ።»

«ሰምቻለሁ» አሉ ቄስ ሚልኪያስ። ሸምገል ያሉ፣ በነገር የማይቸኩሉ ካህን ናቸው። «ለምን እንደበላሽም ሰምቻለሁ። ስልኬን ዘግቼ ነበር።» መስቀላቸውን አነሡና «ተጸጽተሻል?» አሏት።

አዎ ማለት ቀላል ነበር። አንዲት ቃል ናት፤ ከዚያ መስቀል ተሳልማ፣ ስሟን አድሳ መውጣት ነው። ጥሩነሽ ቃሏን ፈለገች፤ ልቧ ውስጥ የለችም።

«በሃዋኒ ላይ ባደረግኩት ተጸጽቻለሁ አባ። የታመመችን ሴት በሰው ፊት አዋርጄ፣ ጾሜን እንደ ዱላ ይዤ ሰው መትቼበታለሁ። በእሱ ይፍቱኝ። በበላሁት ግን አልተጸጸትኩም፤ እርስዎን ልዋሽ አልችልም። ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ መስጠት ትችያለሽ ብለውኛል። ፍልሰታ ላይ ቢጠሩኝም እበላለሁ።»

ከዛፉ ሥር ያሉት ሴቶች ለመስማት ጠጋ ብለዋል።

«በሃዋኒ ያደረግሽውን እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ ቄስ ሚልኪያስ፣ በመስቀላቸው ግንባሯን እየነኩ። «በሌላው ግን ሰው ካልተጸጸተ አልፈታም፤ ሥርዓቱም አይፈቅድልኝም።» ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ተጸጸቺ ብዬም አላዝሽም።»